ወሳኙ ማን ነው? የቤተ እስራኤል ስደት በ«ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት»

የጂኦፖለቲካ ትሪለር ፊልም ፖለቲካው ያለው በገጸ ባሕርያቱ ንግግር ውስጥ ብቻ አይደለም። ማን ያቅዳል፣ ማን ይወስናል፣ ማንስ በሌላው ውሳኔ ይጓጓዛል የሚለው የሚና ድልድል ከንግግሩ ይልቅ አቋሙን ያጋልጣል። ጊዲዮን ራፍ ያዘጋጀውና በ2019 እ.ኤ.አ. በኔትፍሊክስ የቀረበው «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» በዚህ ዓይን ሊመረመር ይገባዋል። ታሪኩ በመሠረቱ እውነት ነው፦ የእስራኤል የስለላ ድርጅት የሞሳድ ሰላዮች በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ አሩስ የተባለውን መዝናኛ ተከራይተው ቀን ጠላቂ ቱሪስቶችን እያስተናገዱ፣ ሌሊት ቤተ እስራኤላውያንን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድን፣ ያሸሹ ነበር።

ማይክል ኬ. ዊሊያምስ የተጫወተው ከበደ ቢምሮ መነሻው በእውን የነበረው ቤተ እስራኤላዊ ፈረደ አክሉም ነው። ተዋናዩ ለገጸ ባሕርዩ ክብር ሰጥቶታል። ሆኖም ዕቅዱም፣ ጥርጣሬውም፣ ከአለቆች ጋር የሚደረገው ግብግብም በክሪስ ኢቫንስ የተወከለው የአሪ ሌቪንሰን ድርሻ ነው። በታሪክ ግን ነገሩን የጀመረው ፈረደ ነበር። ከደርግ ሸሽቶ ሱዳን የገባው ይህ መምህር ለእርዳታ ድርጅቶች ደብዳቤ ጻፈ፤ ሞሳድም በደብዳቤው ፍንጭ ሰው ልኮ ፈልጎ አገኘው። ኋላም በሱዳን የስደተኛ ካምፖች «ኮሚቴ» የሚባሉ የማኅበረሰቡ ወጣቶች ስደተኛውን በምስጢር እያሰባሰቡ መኪና ላይ ያደርሱ ነበር። ይህን መረብ ማደብዘዝ የእውነታ ስሕተት ብቻ አይደለም፤ የራሱን መውጫ ያደራጀን ሕዝብ አዳኝ የሚጠብቅ አድርጎ መሣል ነው። ብዙ ሐያስያን ፊልሙን የነጭ አዳኝ ተረት ማለታቸው ተገቢ ነው እላለሁ።

ችግሩ ከትሪለር ቅርጽም ይመነጫል። የትሪለር ውጥረት በሰዓታት ይለካል፤ ኬላው ይታለፋል ወይስ አይታለፍም? ከጎንደርና ከትግራይ ሱዳን ድረስ በእግር የተኬደው የሳምንታት መንገድ፣ ውኃ ጥሙ፣ ሽፍታው፣ በኡም ራኩባና በገዳሪፍ አካባቢ ካምፖች ወራት የፈጀው የበሽታ ሞት ግን በዚህ ሰዓት አይቆጠርም። በመንገድና በካምፕ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ እስራኤል ያሉ ቤተሰቦቻቸው በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ያስቧቸዋል። ፊልሙ ግን ስደተኞቹን የሚያያቸው ወደ ማምለጫው ጀልባ ሲጣደፉ ነው።

የሱዳን ፖለቲካ ደግሞ በአንድ ጨካኝ ኮሎኔል ተጠቅልሎ ቀርቷል። የፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ መንግሥት ግን የአሜሪካን እርዳታ አጥብቆ የሚሻ፣ የዓረብ አገሮችን ቁጣም የሚፈራ ነበር። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ከ6,000 በላይ ሰዎች ከካርቱም በአውሮፕላን የወጡት በዚህ ፍላጎትና ፍርሃት መካከል በተደረገ ድርድር ነው። ወሬው ይፋ ሲወጣ በረራው ቆመ፤ በሚያዝያ 1985 ኒሜሪ ከሥልጣን ወረደ። ስምምነቱን ያስፈጸመው ምክትሉና የደኅንነት ሹሙ ዑመር አል ጣይብ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተፈረደበት። በሥልጣኑና በነጻነቱ የከፈለ ሱዳናዊ ባለሥልጣን እያለ፣ ፊልሙ ለሱዳናውያን የተወላቸው ዋና ሚና የአሳዳጅነት ነው።