አደራና ማህተም፦ ተቋማት ቃላቸውን ስለማስታወሳቸው፣ ከሱሉልታ የታየ

ከእንጦጦ ማዶ፣ ወደ ጎጃም በሚወስደው መንገድ ላይ በተዘረጋችው ሱሉልታ ብዙ ቤት ውስጥ አንድ ፌስታል አለ። ከአልጋ ሥር ወይም ከቁምሳጥን ላይ ይቀመጣል። የግብር ደረሰኝ፣ የመብራት ሂሳብ፣ የሽያጭ ውል፣ ሽማግሌዎች የፈረሙበት ስምምነት፣ ለቀበሌ የገባ ማመልከቻ ቅጂ ይገኝበታል። ግማሹ ማህተሙ ደብዝዟል፤ አንዳንዱን የጻፈው ጽሕፈት ቤት በዚያ ስሙ የለም። ሆኖም አንዲት ወረቀት አትጣልም። ስለ መንግሥት፣ ስለ መገናኛ ብዙኃንና ስለ ሌሎች ተቋማት አመኔታ የምናደርገው ጥናት ከዚህ ፌስታል ቢነሳ የተሻለ ይመስለኛል።

በተለመደው አካሄድ ተጠያቂው ዜጋው ነው፤ «በመንግሥት ላይ ምን ያህል እምነት አለዎት?» ይባላል። የአገራችን ልምድ ይህ ጥያቄ ብቻውን ሩቅ እንደማያደርስ ያሳያል። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በ2005 ዓ.ም. ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያውን ጥናት ሲያካሂድ መላሾች ለአገሪቱ ዴሞክራሲ ከፍ ያለ ደረጃ ሰጡ። ተመራማሪዎቹ ሮበርት ማተስና ሙሉ ተካ ውጤቱን ሲመረምሩ ምላሹ ከፍርሃት፣ ከመረጃ እጦት ወይስ ዴሞክራሲን በተለየ መንገድ ከመረዳት የመነጨ ነው ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነበር። በግንቦት 2007 ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ የተወካዮች ምክር ቤትን 547 መቀመጫዎች በሙሉ ያዙ፤ ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008፣ ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ ኦሮሚያን አዳረሰ። መቶ በመቶ የተመረጠ መንግሥት ዓመት ሳይሞላው አደባባይ ላይ ሲወገዝ፣ የመጠይቅ ወረቀት ላይ የሰፈረው «አምናለሁ» ምን ይለካ እንደነበር ለመጠራጠር እንገደዳለን። አፍሮባሮሜትር ራሱ በቃለ መጠይቁ መጨረሻ «ይህን ጥናት እንድናካሂድ የላከን ማን ይመስልዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ ብዙ የሚናገረው ጥያቄ ይህ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተቋቋመው ቀበሌ መታወቂያም ስኳርም የሚሰጥ፣ በቀይ ሽብር ዘመን ደግሞ ቤት ለቤት የሚያስፈትሽ ቢሮ ነበር። በዚያ ዘመን ካለፈ ቤተሰብ የወጣ ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት የጠያቂውን ላኪ ቢያጣራ አያስገርምም።

ቋንቋችንም የሚነግረን አለ። እምነት የሃይማኖትም ስም ስለሆነ «በመንግሥት ታምናለህ?» ሲባል ጥያቄው ሳይታሰብ ወደ ልብ ውስጥ ይገባል። አደራ ግን የሚጠይቀው ተቀባዩን ነው። የሰጠውን ሰው ስሜት ማንም አይመረምርም፤ የሚታየው ዕቃው እንደተሰጠ መመለሱ ነው፤ ያላደረሰው «አደራ በላ» ይባላል። በየጊዜው «ታማኝ ግብር ከፋዮች» በአደባባይ ዕውቅና ሲሰጣቸው እናያለን። ግብርን በታማኝነት መክፈል ሊመሰገን ይገባል። ግን ታማኝ የሚለው ቃል ከላይ ወደ ታች ብቻ ሲነገር ቆይቶ፣ ታማኝ ግብር ሰብሳቢ ወይም ታማኝ ማኅደር ጠባቂ የሚለው ለጆሮ እንግዳ ሆኗል። ኦኖራ ኦኒል የምትባለው ፈላስፋ በ2002 እ.ኤ.አ. በቢቢሲ ባቀረበቻቸው የሪት ንግግሮች፣ ሊያሳስበን የሚገባው የአመኔታ ማነስ ሳይሆን እምነት ለሚገባው መሰጠቱ ነው ብላ ተከራክራ ነበር። በእኛ አማርኛ ይህ የአደራ ጉዳይ ነው።

ወደ ሱሉልታ ልመለስ። በአንድ ሰው ዕድሜ ይህች ከተማ በሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ቀጥሎ በኦሮሚያ ሰሜን ሸዋ ዞን፣ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ በፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ሥር ነበረች፤ በ2015 ዓ.ም. ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከለገጣፎ ለገዳዲና ከገላን ጋር ወደ ሸገር ከተማ ተጠቃለለች። በእያንዳንዱ ሽግግር ማህተም ይቀየራል፣ ማኅደር ከክፍል ወደ ክፍል ይጓዛል፣ ሠራተኛ ይዛወራል። የራሴን ጉዳይ ይዤ በአንድ ቢሮ ደጅ ስመላለስ፣ ከዚያው ቢሮ የወጣ ደብዳቤ ለዚያው ቢሮ ሠራተኛ ባሳየው «ይህ በእኛ ዘንድ የለም» ተባልኩ። ሰውየው አላመናጨቀኝም፣ ጉቦም አልጠየቀኝም። በትሕትና የነገረኝ እውነት ነበር፤ መዝገቡ ውስጥ የለም። ቤቴ እስክደርስ ያሳዘነኝ እሱው ነው፤ ቢሮው የገዛ ፊርማውን ረስቶታል፣ የማስታወሱ ሥራ ለእኔ ተላልፏል። ያ ፌስታል መንግሥት ሊይዘው የሚገባው ቤተ መዛግብት ነው፤ የሚጠብቀው ግን ባለጉዳዩ ነው።

የዚህ መርሳት ዋጋ በ2015 ዓ.ም. ታየ። በሸገር ከተማ በርካታ ቤቶች ሲፈርሱ አስተዳደሩ ሕገ ወጥ ግንባታን እያስቆምኩ ነው አለ። ሰነድ አልባ ግንባታ፣ በተለምዶ ጨረቃ ቤት የምንለው፣ በእርግጥ ተስፋፍቶ ነበር፤ የገበሬ መሬት በደላላ እየተቆረሰ መሸጡ ያገጠጠ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ቤት በአንዱ ተቋም ቆጣሪ ገብቶለት፣ በሌላው ግብር ተቀብሎበት፣ በሦስተኛው ሕገ ወጥ ሲባል ባለቤቱ የትኛውን መንግሥት ይመን? መስጊዶች መፍረሳቸው ያስነሳው ተቃውሞ በግንቦት ወር አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ሕይወት ጠፍቶበታል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 እና 211 የተቋቋሙት የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የፈረሳውን ጉዳይ አደባባይ አውጥተው ተናገሩ። ይህን አሳንሼ አላየውም። አቤቱታ አቅራቢው ሌላ ማኅደር ውስጥ፣ በሌላ የመንግሥት ማህተም ሥር፣ የእሱ ቃል ተጽፎ አግኝቷል።

መገናኛ ብዙኃንም በዚሁ ሚዛን ቢመዘኑ እላለሁ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ የወሎን ረሃብ መንግሥት ሲሸሽገው ቆይቶ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ መስከረም 1 ቀን 1967፣ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተፈራረቀ በዚያው ጣቢያ ታየ። የተላለፈው ረሃብ እውነት ነበር፤ ተመልካቹ ግን እስከ ትናንት ለምን እንዳልተነገረው የሚያስረዳው አላገኘም። ሌላም ምሳሌ አለ። በ2006 ዓ.ም. የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ላይ በአዳማ የተደረገ ውይይት በኦሮሚያ ቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ የክልሉ ገዢ ፓርቲ የኦሕዴድ አባላት እቅዱን በግልጽ ሲቃወሙ ታዩ። የመንግሥት ጣቢያ የመንግሥትን ሰዎች ክርክር ሳይሸፍን አሳየ፤ ያም በሰፊው ተወራ። ፕላኑ ጥር 3 ቀን 2008 መሰረዙ የተነገረው በተቃውሞው ብዙ ሕይወት ከጠፋ በኋላ ነው። ከዚያ የካቲት 2015 መጣ፤ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በተነሳው አለመግባባት ሳቢያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ለወራት ተገደቡ። ጊዜው በሸገር ቤት የሚፈርስበት ነበር። ጎረቤት ከተማ የሆነውን ለማወቅ ቪፒኤን ለሌለው የቀረው ታክሲ ውስጥ የሚሰማ ወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ነገ ተሳስቼ ነበር አይልም፤ ተናጋሪው አይታወቅም።

እድርን እንደ ተቃራኒ ምሳሌ ማንሳት የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ጸሐፊ ግን ምክንያቱን ከፍቅርና ከጉርብትና ብቻ ያደርገዋል። እኔ መዝገቡን አያለሁ። በእድር መተማመን የሚጸናው በጥርጣሬ ላይ ነው፦ ገንዘብ ያዡ ዋስ ይጠራል፣ ሂሳብ በጉባኤ ይመረመራል፣ ከቀብር የቀረ ይቀጣል፣ የከፈለ ስሙ አጠገብ ምልክት ይደረግለታል። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ይወጣል፣ ድንኳኑ ይተከላል፤ ለቀስተኛው ደረሰኝ ፍለጋ ፌስታል አይከፍትም፣ ጸሐፊው ያውቃልና። ሁለት መቶ ሰው ያለው ማኅበር ከሚሊዮኖች ከተማ ጋር አይወዳደርም የሚል መቃወሚያ ይመጣል። ልክ ነው፤ መዝገብ ቤት የተፈለገው ግን ፊት ለፊት የማይተዋወቁ ሰዎች ቃል እንዲጠበቅ ነው።

ሕጉ አለን። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ወጥቷል፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ጸድቋል፤ ፋይዳ ለተባለው ለዚሁ መታወቂያ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች እየተመዘገቡ ነው። ፋይዳ እኔ ማን እንደሆንኩ ለመንግሥት ያስታውሰዋል። መንግሥት ለእኔ የፈረመውን ለመንግሥት የሚያስታውስ ተመጣጣኝ ሥርዓት ግን አልተዘረጋም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 መራጩ እምነት ያጣበትን ተወካይ ማንሳት እንደሚችል ተደንግጓል፤ ለተረሳ ማህተም ግን ምን እንደሚደረግ ዜጋው የሚሄድበት መስኮት ያስፈልገዋል።

ስለዚህ በሱሉልታ፣ በሰበታና በቡራዩ ጥናት የሚያካሂዱ ባልደረቦቼ «ያምናሉ?» የሚለውን ጥያቄ ሁለተኛ እንዲያደርጉት እለምናለሁ። መጀመሪያ ፌስታሉ ውስጥ ስንት ወረቀት እንዳለ፣ ስንቱን የሰጠው ጽሕፈት ቤት ዛሬም እንደሚያውቀው፣ ባለቤቱ ለስንት ዓመት እንዳቆየው ይመዝግቡ። ቀጥለው ይጠይቁ፦ «ይህ ሁሉ ነገ በእሳት ቢጠፋ፣ ቢሮው ያውቅዎታል?»