ቆሻሻን በፉከራ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ቴክሳስ በአውራ ጎዳናዎቿ ዳር የሚጣለውን ቆሻሻ ለማንሳት በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ታወጣ ነበር። ምክር ጠፍቶ አልነበረም። «አሜሪካን ውብ አድርገን እንጠብቅ» የተሰኘው ድርጅት በ1953 ከተመሠረተ ጀምሮ አሜሪካውያን ቆሻሻ እንዳይጥሉ ሲለመኑ ኖረዋል። በ1971 በቴሌቪዥን የቀረበው፣ የተበከለ አገሩን አይቶ እንባ የሚያወርድ ቀይ ሕንድ የሚታይበት ማስታወቂያ የልመናው ቁንጮ ነበር (ተዋናዩ የጣሊያን ዘር መሆኑ የታወቀው ዘግይቶ ነው)። የልመና ችግሩ ሰሚው ነው፤ «እባክዎ» የሚለውን ምልክት አክብሮ የሚያነበው ድሮውንም የማይጥል ሰው ነው። የቴክሳስ ጥናት ያመለከተው ግን ሌላ ሰው ነበር፦ ፒክአፕ እየነዳ የቢራ ጣሳውን በመስኮት የሚወረውር፣ ተቆጪ የማይወድ ወጣት ወንድ።

የኦስቲኑ ማስታወቂያ ድርጅት ጂኤስዲኤንድኤም ለዚህ ወጣት ያቀረበው «ዶንት ሜስ ዊዝ ቴክሳስ» የሚል ቃል ነው። መልእክቱ «ቴክሳስን አታቆሽሽ» ነው፤ ድምፁ ግን «ቴክሳስን ነክተህ እንዳላይህ» የሚል ፉከራ ነው። ቃሉ መጀመሪያ በመኪና ተለጣፊዎች ወጣ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1986 ደግሞ ጊታሪስቱ ስቲቪ ሬይ ቮን በኮተን ቦውል የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ስርጭት ላይ በቴሌቪዥን አስተዋወቀው። የዳላስ ካውቦይስ ቡድን ግዙፍ ተጫዋቾችም ተከተሉ። ይህን ቃል የያዘው ምልክት እንግዳነቱ እንግዲህ በቀለሙ ወይም በቅርጹ አይደለም። ወጣቱን የሚገሥጸው መንግሥት ወይም መምህር መሆኑ ቀርቶ፣ ራሱ የሚያደንቃቸው ጀግኖች ሆኑ፤ ጣሳ መወርወርም ስንፍና መሆኑ ቀርቶ አገርን መድፈር ሆነ።

እስከ 1990 ድረስ በጎዳናዎቹ ላይ የሚጣለው ቆሻሻ በ72 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ ይነገራል። ቁጥሩን እንዳለ ለመፈክሩ መስጠት ግን አይገባም። በ1985 በዚያው ግዛት፣ በታይለር ከተማ፣ ማኅበራት የጎዳና ክፍል ተረክበው የሚያጸዱበት አሠራር ተጀምሯል፤ ስለዚህ ምስጋናው ቢያንስ ለሁለት ይከፈላል። መፈክሩ ከቆሻሻ ተነጥሎ ባዶ ጉራ ሆኗል የሚሉም አልተሳሳቱም፤ ቴክሳስ የተባለችው የጦር ሰርጓጅ መርከብ እንኳ መሪ ቃሏ አድርጋዋለች። እኔ ግን ይህን እንደ ውድቀት አልቆጥረውም፤ ማንም በፈቃዱ መኪናው ላይ የሚለጥፈው ክልከላ ከየት ይገኛል?

ይልቅ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። ማሸጊያ የሚያመርቱ ኩባንያዎች የ1953ቱን ድርጅት ሲደግፉ፣ ጥፋቱ ከአምራቹ ወርዶ በጣዩ ላይ ብቻ እንዲያርፍ ረድቷቸዋል። የተሻለ ምልክት መሥራትም ይህን አይለውጠውም። ኦሪገን በ1971 ጠርሙስና ጣሳ ባዶው ሲመለስ በሚመለስ የመያዣ ገንዘብ እንዲሸጥ በሕግ ስታዝዝ፣ ባዶው ጣሳ ራሱ ዋጋ ኖረው፤ የሚወረውረው ቢኖር እንኳ የሚያነሳው አይጠፋም። ፉከራ የሚሠራው የሚፎክርበት ነገር ላለው ሰው ነው፤ መያዣ ግን ለኩሩውም ለግዴለሹም እኩል ይሠራል። ቴክሳስ ዝነኛውን ምልክት ይዛ ቀርታለች እንጂ የመያዣ ሕግ እስከ ዛሬ የላትም።