የተከላካዩ የሊሊያን ቱራም ታሪክ

በእግር ኳስ ጎል ያገባ ይመሰገናል፤ የተከላካይ ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚነሣው ሲሳሳት ነው። የፈረንሣዩ የሊሊያን ቱራም ታሪክ ከዚህ ለየት ይላል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቱራም በ1972 ዓ.ም. በካሪብ ባሕር በምትገኘው በጓድሎፕ ደሴት ተወለደ። በዘጠኝ ዓመቱ ወደ ፈረንሣይ አገር ተሻገረ፤ እናቱ በጽዳት ሥራ ትተዳደር ነበር። እርሱም በሞናኮ ክለብ ጀምሮ ለኢጣልያኖቹ ለፓርማና ለዩቬንቱስ፥ በመጨረሻም ለእስፓኙ ለባርሴሎና ተጫወተ።

በ1998 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ፈረንሣይ ከክሮኤሽያ ጋር ተጋጠመች። ከዕረፍት መልስ ቱራም ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ስለ ቀረ፥ ዳቮር ሹከር ከጨዋታ ውጭ ሳይባል ጎል አገባ። ሌላው ቢሆን አንገቱን በደፋ ነበር። ቱራም ግን ወዲያው ከቦባን ኳስ ነጥቆ ወደ ፊት በመሮጥ አንድ ለአንድ አደረገ፤ ቆየት ብሎም በግራ እግሩ ሁለተኛውን ጨመረ። ፈረንሣይም ለፍጻሜ አልፋ ብራዚልን 3 ለ 0 በማሸነፍ ዋንጫውን ወሰደች። ቱራም ለአገሩ 142 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው እነዚህን ሁለት ጎሎች ብቻ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የልብ ሕመም ስለ ተገኘበት ጨዋታ አቆመ፤ በዚያው ዓመትም የዘር መድልዎን በትምህርት የሚዋጋ ድርጅት አቋቋመ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ በፈተናም ሆነ በሜዳ ስሕተት ቢያጋጥመን፥ ሰዓቱ ሳያልቅ ለማረም እንነሣ እንጂ በኀፍረት ቆመን አንቅር።