አውራው ከየት ይምጣ?

የዛሬው ንባባችን ስለ በግ ነው። «በግ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! መንግሥት የደከመበት፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ታሪክ አለው።

ነገሩን ከጎረቤቴ ልጀምር። እዚህ ደጀን አንዲት እናት አሉ። 9 እናት በጎች አሏቸው። ዘጠኙም የወረዱት ሲዳሩ አባታቸው ከሰጧቸው ከአንዲት በግ ነው። እኒህ እናት ፊደል የቆጠሩት በቅርቡ ነው። የበጎቻቸውን ዘር ግን ድሮም እስከ አምስት ትውልድ ይቆጥሩ ነበር። «ይህቺ የቦራ ልጅ ናት። ያቺ የቦራ የልጅ ልጅ። መንታ የምትወልደው ደግሞ የዳማዋ ናት» ይላሉ። አይሳሳቱም።

መንጋቸውን ማስፋት አሰቡና ወደ እኔ መጡ። «መምህር፣ ከውጭ አገር የመጣ ትልቅ ዝርያ አለ ይላሉ። የሱን ዲቃላ አውራ ልግዛ? ወይስ ከራሴ ጠቦት ላስቀር?» አሉኝ። እኔ ፊደልና ቁጥር አስተምራለሁ እንጂ በግ አላረባም። ስለዚህ ጠየቅሁ፣ አነበብሁ። ያገኘሁት ይኸውና።

ይህንን ጥያቄ ከሳቸው በፊት መንግሥት ጠይቆት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ደብረ ብርሃን ላይ የበግ ማራቢያ ተቋቋመ። (የአውሮፓን ዓመት ወደ እኛ ለመመለስ 7 ወይም 8 ቀንሱ። እስኪ 1967ን ቀንሱት። 1959 ወይም 1960 ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የመንዝና የደብረ ብርሃን አገር ብርዳም ደጋ ነው። በጉ ትንሽ ነው፤ ፀጉሩ ግን ረጅም ነው። ባናና በርኖስ ይሠራበታል። ታዲያ ባለሙያዎቹ፣ «ፀጉሩ ቢለሰልስ፣ ሥጋውም ቢበዛ» ብለው አሰቡ። እንደ ኮሪዴልና ሀምፕሻየር ያሉ የውጭ ዝርያዎች መጡ። ኮሪዴል ራሱ ዲቃላ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ከሁለት ዝርያዎች ተዳቅሎ የወጣ በግ ነው።

ዲቃላው ተወለደ። ገበሬው ግን አልወደደውም። ለምን? ላት የለውማ! ጅራቱ ቀጭን ነው። መልኩም የአገሩን በግ አይመስልም። ገበያ ሲወጣ ገዢው ዞር ዞር ብሎ ያየውና ያልፈዋል። እናንተስ ለፋሲካ ላት የሌለው በግ ትገዛላችሁ? ባለሙያው ፀጉሩንና ክብደቱን ለካ። ገበሬው ደግሞ ላቱን፣ መልኩን፣ ዋጋውን አየ። እኔ እዚህ ላይ ከገበሬው ጋር ነኝ።

ከዚያ በ1980 ሌላ በግ ከእስራኤል መጣ። ስሙ አዋሲ ይባላል። ስሙ ከሐዋሳ ከተማ ጋር አይገናኝም። አዋሲ የሶርያ፣ የኢራቅ፣ የዮርዳኖስና የፍልስጤም አገር በግ ነው። ትልቅ ነው፤ ወተት አለው፤ ደግሞም ላት አለው። ስለዚህ ገበሬው ከፊተኞቹ የተሻለ ተቀበለው። መንዝ ውስጥ አመድ ጉያ የሚባል ሌላ ማራቢያም ሥራውን ያዘ።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። እርሳስ ያዙ። ንጹሕ አዋሲ አውራ ከመንዝ እናት ጋር ሲገናኝ ግልገሉ ግማሽ አዋሲ ነው። ያቺ ግማሽ እንደገና ከንጹሕ አዋሲ ስትወልድ፣ ግልገሉ ከ4 እጅ 3 እጁ አዋሲ ይሆናል። ለገበሬው ይታደል የነበረው አውራ እንዲህ ያለው ነው። እሱ ከገበሬው እናት በግ ሲወልድ፣ የግልገሉ አዋሲነት ከ8 እጅ 3 እጅ ነው። ያ ግልገል ደግሞ ከአገሬው በግ ሲወልድ፣ ከ16 እጅ 3 እጅ ብቻ ይሆናል። አያችሁ? በየትውልዱ ግማሹ ይቀንሳል። ሌላ አውራ ካልመጣ ወይም ዲቃላዎቹ እርስ በርስ ተመርጠው ካልተገናኙ ደሙ ይቀጥናል።

አውራውን ማን ይጠብቀው? ግጦሹ የወል ነው። የመንደሩ በግ ሁሉ አንድ ላይ ይውላል። የታደለው አውራ ሲያድር የማንም ጠቦት ይቀድመዋል። ከዚያም ባለቤቱ ሲቸግረው ይሸጠዋል፤ ትልቅ ነዋ፣ ዋጋ ያወጣል። መኖም አለ። ዲቃላው በደንብ ሲበላ ያድጋል። በጭድና በደረቅ መስክ ብቻ ሲውል ግን ብልጫው ይጠባል። በዚህ ላይ ማኤዲ ቪስና የሚባል በሽታ በማራቢያዎቹ ዲቃላዎች ላይ ተገኘ። ሳንባን ቀስ በቀስ የሚጎዳ በሽታ ነው። በጉ እየከሳ፣ ትንፋሽ እያጠረው ይሞታል። በወተትና በትንፋሽ ይተላለፋል፤ መድኃኒት የለውም። እንግዲህ እንስሳ ስትገዙ ከየትኛው ጉረኖ እንደ መጣ ጠይቁ የሚባለው ለዚህ ነው።

በ2007 ደግሞ ዶርፐር ከደቡብ አፍሪካ መጣ። የዶርፐር ነገር እኔን ያስገርመኛል። አንደኛው ወላጁ ጥቁር ራስ ያለው በግ ነው። ያ በግ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው ከሶማሌ የባሕር ዳርቻ ነው። የእኛው አካባቢ በግ ባሕር ዞሮ፣ ተዳቅሎ፣ የውጭ ዝርያ ተብሎ ተመለሰልን ማለት ነው!

የእኛስ በግ? የጎጃም በግ ዋሸራ ይባላል። ቀንድ የለውም። መልኩ ብዙውን ጊዜ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ከመንዙ ይተልቃል። ተመራማሪዎች ዋሸራን በደቡብ ጎንደር ከሚገኘው ከፋርጣ በግ ጋር አዳቅለው ሞክረዋል። ለሌላው ማሻሻያ ተብሎ የሚፈለገው የእኛ በግ ነው እንግዲህ።

በ2009 መንዝ፣ ቦንጋ፣ ሆሮና አፋር ውስጥ ሌላ መንገድ ተጀመረ። የአገራችን የምርምር ተቋሞችና ኢካርዳ የሚባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት ነበሩበት። በዚህ መንገድ ከውጭ የሚመጣ አውራ የለም። የመንደሩ ሰው የግልገሎቹን እናት፣ አባት፣ የተወለዱበትን ቀንና ክብደታቸውን ያስመዘግባል። ከዚያ ከራሱ መንጋ የተሻሉትን ጠቦቶች ይመርጣል። የተመረጠው አውራ በጋራ ያገለግላል። ልጆቹን እንዳይሰርር ጊዜው ሲደርስ ወደ ሌላ መንጋ ይዛወራል። ያልተመረጠው ይኮላሻል ወይም ይሸጣል።

ይህንን ለጎረቤቴ ስነግራቸው ዝም ብለው አዳመጡ። ከዚያ፣ «አይ ልጄ፣ እኛ እኮ የምንሠራው ተቃራኒውን ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በደጀን ገበያ ቶሎ ያደገውን ጠቦት ነጋዴው ቀድሞ ይወስደዋል። ለበዓል አዲስ አበባ ይገባል። ከሴቶቹ ጋር የሚቀረው ያላደገው ነው። የሚመጣው ዓመት ግልገሎች አባት እሱ ይሆናል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም መንጋው ያንሳል እንጂ እንዴት ይሰፋል?

እሳቸው የዲቃላውን አውራ ተዉት። «የማበላው የለኝም፤ ጭድና የጓያ ገለባ ነው ያለኝ» አሉ። ሰፊ ድርቆሽና የታጠረ መስክ ያለው ሰው ሌላ ሊወስን ይችላል፤ አልፈርድበትም። እሳቸው ግን መንታ ከምትወልደው ከዳማዋ ልጅ አንድ ጠቦት አስቀሩ። ነጋዴ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ። ለፋሲካ የሚያስፈልጋቸውን ገንዘብ ከእህል ሸጠው አገኙ፤ ቀላል አልነበረም።

አንድ ችግር ቀረ። ጠቦቱ ለዘጠኙም ዘመድ ነው። ስለዚህ ከሸለቆው ማዶ ካለ ሰው ጋር አውራ ለመለዋወጥ ተነጋገሩ። ለ2 ዓመት ነው። የበጎቹንም ስም በደብተር ራሳቸው ይጽፋሉ። «ዳማ»ን አንድ ቀን «ደማ» ብለው ጽፈው ሳቅንበት። ስምምነቱ ግን ገና አላለቀም። አውራው በማዶው ሰው እጅ ቢሞት ማን ይክፈል? ጅብ ቢበላውስ? ሁለቱ በመጪው ቅዳሜ ሽማግሌ ይዘው ይገናኛሉ።