«ድራንክን ማስተር 2»፦ የተደነቀው ድብድብና የተዘነጋው ዝርፊያ

«ድራንክን ማስተር 2» ጃኪ ቻን ዋና ተዋናይ የሆነበት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 በሆንግ ኮንግ ለዕይታ የበቃ የኩንግ ፉ ፊልም ነው። ስያሜው በግርድፉ «ሰካራሙ የኩንግ ፉ ጌታ» እንደማለት ነው። በየከተማው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ተጨናንቆ «የካራቴ ፊልም» ያየው ትውልድ ስሙን ባያስታውስ እንኳ፣ ጃኪ ቻን እየተንገዳገደ ሲማታ ዓይኑ ላይ መምጣቱ አይቀርም።

የመጀመሪያው ክፍል የወጣው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን፣ ያዘጋጀውም ዩን ዎ ፒንግ ነበር። ባለታሪኩ ዎንግ ፌይ ሁንግ የፈጠራ ሰው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1847 እስከ 1924 በደቡብ ቻይና የኖረ፣ በወጌሻነቱና በኩንግ ፉ ችሎታው የታወቀ ሰው ነው። ሁለተኛው ክፍል ከ16 ዓመት በኋላ ሲሠራ ጃኪ ቻን 40 ዓመት ሊሞላው ነበር፤ ሆኖም ያንኑ ወጣት ሆኖ ተጫወተ። አባቱን የሚጫወተው ቲ ለንግ በዕድሜ የሚበልጠው በስምንት ዓመት ብቻ ነው። እንጀራ እናቱን የምትጫወተው አኒታ ሙዪ ደግሞ ከእሱ ታንሳለች።

ታሪኩ የሚጀምረው በባቡር ጉዞ ነው። ወጣቱ ዎንግ ቀረጥ ላለመክፈል ብሎ የአባቱን መድኃኒት በእንግሊዝ ቆንስላ ጓዝ ውስጥ ይደብቃል። መልሶ ሲወስድ ግን ሣጥን ይሳሳትና የንጉሠ ነገሥቱን ማኅተም ይዞ ይወጣል። ቆንስላው ለካ የቻይናን ጥንታዊ ቅርሶች ሰብስቦ ከአገር እያሸሸ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ያለው ድብድብ ሁሉ ቅርሱ እንዳይወጣ የሚደረግ ትግል ነው፤ የሚቋጨውም ቅርሶቹ ከብረት ጋር ተጭነው ሊወጡ በተዘጋጁበት የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ውስጥ ነው።

ዳይሬክተሩ ላው ካር ለንግ የባህላዊውን ኩንግ ፉ ሥርዓት አጥባቂ ነበር። ከጃኪ ቻን ጋር በአመታት ስልት ስላልተስማሙ ቀረጻው ሳያልቅ ተለያዩ፤ የመጨረሻውን ድብድብ የመራውም ጃኪ ቻን ራሱ ነው። ያ ትዕይንት በፊልሙ ላይ ከጥቂት ደቂቃ ባይበልጥም ለመቅረጽ ወደ አራት ወር ፈጅቷል። ተዋናዩ በጋለ ፍም ላይ በጀርባው ሲንፏቀቅ የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው።

ፊልሙ በሆንግ ኮንግ ከ40 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር በላይ አስገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በሆንግ ኮንግ የፊልም ሽልማት በድብድብ ቅንብር አሸነፈ። አሜሪካ የደረሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2000፣ በእንግሊዝኛ ድምፅና በአዲስ ሙዚቃ ተለብጦ ነው። ታዋቂው ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ከአራት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቶ የመጨረሻውን ድብድብ እጅግ አደነቀ። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ «ታይም» መጽሔት ከምንጊዜም 100 ምርጥ ፊልሞች መካከል መደበው። ለአሜሪካ በተዘጋጀው ቅጂ ባለታሪኩ የፋብሪካ አልኮል ጠጥቶ አእምሮው መጎዳቱን በቀልድ የሚያሳየው መዝጊያ ተቆርጦ ወጥቷል።

አድናቆቱ ይገባዋል። ነገር ግን የምዕራባውያኑ ውዳሴ ያረፈው በድብድቡ ላይ ነው፤ የቅርሱ ነገር ለጠብ መነሻ የሚሆን ሰበብ ተደርጎ ታለፈ። ከደሴ በስተምዕራብ ባለው የደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ሆኖ ፊልሙን ለሚያይ ሰው ግን ነገሩ ሰበብ አይደለም። የመቅደላ አምባ ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በዚያው ደጋ ላይ ነው ያለው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1868) አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘረፈ። ታቦቱ፣ የብራና መጽሐፉ፣ ዘውዱና ጽዋው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ በደላንታ ሜዳ ላይም በሐራጅ ተሸጠ።

የሁለቱን አገሮች ታሪክ የሚያገናኝ ሰውም አለ። የመቅደላው ዘመቻ አዛዥ ሮበርት ናፒየር ከዚያ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1860፣ ቻይናን በወረረው የእንግሊዝ ጦር ውስጥ የሁለተኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ነበር። በፔኪንግ አጠገብ የነበረው የበጋ ቤተ መንግሥት የተዘረፈውና የተቃጠለው በዚያ ዘመቻ ነው። መቅደላ ሲወድቅ እውነተኛው ዎንግ ፌይ ሁንግ ዕድሜው ሃያ ገደማ ነበር።

በፊልሙ ውስጥ ቅርሱ ከአገር ሳይወጣ ይያዛል። የእኛው ግን ወጥቶ ቀረ፤ የሕጉ ችግርም እዚህ ላይ ነው። የባህል ንብረት ሕገወጥ ዝውውርን የሚከለክለው የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት ወደኋላ ተመልሶ አይሠራም። የብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ በእ.ኤ.አ. 1963ቱ ማቋቋሚያ ሕጉ ንብረቱን እንዳያስተላልፍ በጥብቅ ተገድቧል። ቢሆንም ያው ሕግ ለስብስቡ የማይመጥንና መውጣቱ አጥኚዎችን የማይጎዳ ዕቃ ሊወጣ እንደሚችል ይፈቅዳል። ሙዚየሙ የያዛቸው 11 ታቦቶች ለሕዝብ አይታዩም፤ አጥኚም አያያቸውም። ታዲያ ማንም የማያየው ታቦት ለስብስቡ ይመጥናል የሚባለው በምን ሚዛን ነው?

መመለስ የማይቻል አለመሆኑም ታይቷል። በኤድንበራ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002፣ የአፄ ቴዎድሮስ ቁንዳላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ አገሩ ገብቷል። ሁለቱንም ያስመለሳቸው የባለይዞታዎቹ ፈቃደኝነት ነው እንጂ አስገዳጅ ፍርድ አይደለም።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገሬ ሰው። ለለንደን ወይም ለኒውዮርክ ተመልካች በሣጥኑ ውስጥ ያለው ማኅተም የድብድብ ማስጀመሪያ ሊሆን ይችላል። የወሎ ደገኛ ግን ሣጥኑን ሲያይ በበቅሎ ተጭኖ የወረደውን ያስታውሳል።