ሎካ (የሂንዱ እምነት ዓለማት)

ሎካ በሂንዱ እምነት «ዓለም» ወይም ፍጡራን የሚኖሩበት የህልውና ደረጃ ማለት ነው። ቃሉ የሳንስክሪት ሲሆን በጥንታዊዎቹ ቬዳዎች ውስጥ «ገላጣ ሥፍራ» የሚል ትርጉምም ነበረው። ፑራና የሚባሉት መጻሕፍት እንደሚያስተምሩት አጽናፈ ዓለሙ 14 ሎካዎች አሉት፤ 7ቱ ምድርን ጨምሮ ወደ ላይ፣ 7ቱ ደግሞ ከምድር በታች ተደራርበዋል። ነፍስ በሠራችው ሥራ፣ ማለትም በካርማዋ መሠረት፣ ከሞት በኋላ በአንዱ ወይም በሌላው ዓለም ትወለዳለች። ይህ የመወለድና የመሞት ዑደት ሳምሳራ ይባላል።

ከ14ቱ አንዱም የዘላለም መኖሪያ አይደለም። የአማልክት ሰማይም ሆነ የሥቃይ ሥፍራ ጊዜው ሲያልቅ ነዋሪውን ይሸኛል። ስለዚህ የሂንዱ መጻሕፍት የመጨረሻ ግብ አድርገው የሚያቀርቡት ሰማይ መግባትን ሳይሆን ከዑደቱ ነፃ መውጣትን ነው፤ ይህም ሞክሻ ይባላል።

ከ3 ዓለማት ወደ 14

ከመጻሕፍቱ ሁሉ ጥንታዊ የሆነው ሪግ ቬዳ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ባለው ጊዜ ገደማ እንደተቀናበረ ይገመታል። እርሱ አዘውትሮ የሚናገረው ስለ 3 ዓለማት ነው፤ ምድር፣ በምድርና በሰማይ መካከል ያለው የአየር ክፍል፣ እና ሰማይ። ቪሽኑ የተባለው አምላክ አጽናፈ ዓለሙን በ3 እርምጃ እንደለካው ይተረካል። የሦስቱ ዓለማት ስም የሆኑት ቡር፣ ቡቫህ እና ስቫህ ዛሬም ጋያትሪ ከተባለው ጸሎት በፊት ይባላሉ። ጸሎቱን ጎህ ሲቀድ የሚያደርስ ሰው በየዕለቱ 3ቱን ዓለማት በስማቸው ይጠራል ማለት ነው።

በዚያ ዘመን የሙታን ንጉሥ የሆነው ያማ እንደ ኋላው ዘመን የሚያስፈራ ፈራጅ አልነበረም። ከሰው ሁሉ መጀመሪያ የሞተና መንገዱን ለሌሎች ያገኘ ተብሎ ይከበር ነበር፤ አገሩም የቀደሙ አባቶች በደስታ የሚኖሩበት ብሩህ ሥፍራ ነበር። ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ብራህማና የሚባሉት የመሥዋዕት ሥርዓት መጻሕፍት «ዳግም ሞት» የሚል ሥጋት ያነሳሉ። ሰው በመሥዋዕቱ ኃይል ሰማይ ቢገባ፣ ያ ኃይል ሲያልቅስ? እዚያም ይሞት ይሆን? ብዙ ተመራማሪዎች የሳምሳራን ትምህርት አመጣጥ ከዚህ ጥያቄ ጋር ያያይዙታል።

ቻንዶግያ እና ብሪሃዳራንያካ የተባሉት ኡፓኒሻዶች ለጥያቄው 2 መንገዶችን በመለየት መልስ ይሰጣሉ። በመሥዋዕትና በምጽዋት የኖሩ ሰዎች «በአባቶች መንገድ» ይሄዳሉ፤ በጭሱ፣ በሌሊቱ፣ ጨረቃ በምትጎድልበት ግማሽ ወር አድርገው ጨረቃ ላይ ይደርሳሉ። በዚያ የሥራቸው ዋጋ እስኪያልቅ ቆይተው በዝናብ ወደ ምድር ይወርዳሉ፣ በእህል ውስጥ ይገባሉ፣ በምግብነት አልፈውም እንደገና ይወለዳሉ። ዕውቀትን የያዙት ግን «በአማልክት መንገድ»፣ በነበልባሉ፣ በቀኑና በፀሐይ በኩል አልፈው ወደ ብራህማን ዓለም ይሄዳሉ፤ አይመለሱምም።

በብሪሃዳራንያካ ኡፓኒሻድ ውስጥ በንጉሥ ጃናካ ጉባኤ ላይ ጋርጊ የተባለች ሴት ሊቅ ያጅናቫልክያን ስትጠይቅ እናገኛለን። ጥያቄዋ የሸማኔ ነው፦ ይህ ሁሉ በውኃ ላይ ከተሸመነ ውኃው በምን ላይ ተሸመነ? እርሱም በነፋስ ላይ ይላታል። ነፋሱስ? እንዲህ እያለች በአየር፣ በፀሐይ፣ በጨረቃ፣ በከዋክብትና በአማልክት ዓለማት አልፋ ብራህማን ዓለም ላይ ስትደርስ፣ ከዚህ በላይ ብትጠይቂ ራስሽ ይወድቃል ብሎ ያስጠነቅቃታል። እርሷ ግን ጥቂት ቆይታ ጥያቄዋን በሌላ መልክ ታነሳለች፤ የመጨረሻው መልስም ሁሉን ተሸክሞ በምንም የማይያዝ «የማይጠፋው» የሚል ነው። በኋላ ዘመን የተስፋፋው የዓለማት ዝርዝር ሁሉ ከዚህ ጥያቄ ጋር አብሮ ቢነበብ ይበልጥ ይገባል።

14ቱን በሥርዓት የዘረዘሩት ፑራናዎች ናቸው፤ በተለይም ቪሽኑ ፑራና እና ባጋቫታ ፑራና። በዝርዝሩ ሁልጊዜ አይስማሙም፤ የታችኞቹ ዓለማት ስምና ቅደም ተከተል ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል።

የላይኞቹ ዓለማት

የመጀመሪያው ቡርሎካ፣ የምንኖርበት ምድር ነው። ቀጥሎ ያለው ቡቫርሎካ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው ክፍል ሲሆን ፍጹማን የሚባሉ መንፈሳውያን ይኖሩበታል። ከፀሐይ እስከ ሰሜን ኮከብ ያለው ስቫርሎካ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ «ገነት» ተብሎ የሚተረጎመው የኢንድራ ሰማይ ሲሆን ዋና ከተማው አማራቫቲ ይባላል። እነዚህ 3ቱ የጥንቱ ቬዳ ዓለማት ናቸው። ከሰሜን ኮከብ በላይ ያሉት 4ቱ በኋላ የተጨመሩ ሲሆኑ ነዋሪዎቻቸው ከደስታ ይልቅ በተመስጦ የሚኖሩ ናቸው። ማሀርሎካ የታላላቅ ጠቢባን፣ ጃናሎካ የብራህማ ንጹሓን ልጆች፣ ታፖሎካ (ስሙ ተጋድሎ ከሚል ቃል የመጣ ነው) እሳት የማይነካቸው ተባሕታውያን መኖሪያ ነው። የመጨረሻው ሳትያሎካ፣ «የእውነት ዓለም»፣ የፈጣሪው የብራህማ መቀመጫ ነው።

ርቀቱ የሚለካው በዮጃና ነው። አንድ ዮጃና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ሊቃውንት አልተስማሙም፤ አብዛኛው ግምት በ8 እና በ15 ኪሎ ሜትር መካከል ነው። በቪሽኑ ፑራና መሠረት ማሀርሎካ ከሰሜን ኮከብ 10 ሚሊዮን ዮጃና ይርቃል።

የታችኞቹ ዓለማት ሲኦል አይደሉም

በዚህ ርዕስ ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት የታችኞቹን 7 ዓለማት ከሲኦል ጋር ማምታታት ነው። በባጋቫታ ፑራና ስማቸው አታላ፣ ቪታላ፣ ሱታላ፣ ታላታላ፣ ማሃታላ፣ ራሳታላ እና ፓታላ ሲሆን በጥቅሉም ፓታላ ይባላሉ። በውስጣቸው ከአማልክት ጋር የሚፎካከሩት አሱራዎችና ናጋ የሚባሉት የእባብ ዘር ነገሥታት ይኖራሉ። ቦታው ግን ያማረ ነው፤ በእባቦቹ ራስ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ጨለማውን ያበሩታል። በቪሽኑ ፑራና ናራዳ የተባለው ተጓዥ ጠቢብ ከፓታላ ሲመለስ ከኢንድራ ሰማይ ይልቅ የሚያስደስት ነው ብሎ ለአማልክት ይነግራቸዋል። ባጋቫታ ፑራናም «የምድር ውስጥ ሰማያት» ይላቸዋል። መንፈሳዊ ጉድለታቸው ሥቃይ ሳይሆን ምቾት ነው፤ ነዋሪዎቹ በሀብትና በደስታ ተጠምደው ነፃ መውጣትን አያስቡም።

ከእነርሱ ውስጥ ታዋቂው ሱታላ ነው፤ የአሱራዎች ንጉሥ ባሊ የሚኖረው በዚያ ነው። ቪሽኑ በድንክ ብራህማን መልክ መጥቶ 3 እርምጃ መሬት ብቻ ለመነው፤ ባሊ ሲፈቅድለትም በ2 እርምጃ ምድርንና ሰማይን ሸፈነ። ለ3ኛው ቦታ ሲጠፋ ባሊ ቃሉን ላለማጠፍ የገዛ ራሱን አቀረበ። ወደ ሱታላ ቢወርድም ቪሽኑ ራሱ የደጁ ጠባቂ ሆነለት ይባላል። በደቡብ ሕንድ በኬራላ ሕዝቡ ኦናም በሚባለው በዓል የሚቀበለው ይህንኑ ንጉሥ ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ ተገዢዎቹን ሊጎበኝ ይመጣል ተብሎ ይታመናል። ከሁሉም በታች ዓለማትን በራሱ የተሸከመው ሼሻ የተባለው ታላቅ እባብ አለ።

ናራካና የያማ ፍርድ

የቅጣት ሥፍራ ናራካ ይባላል፤ ከ14ቱ ዝርዝር ውጭ ነው። ባጋቫታ ፑራና በዓለሙ ደቡባዊ ክፍል፣ ከታችኞቹ ዓለማት በታችና ከመሠረቱ ውኃ በላይ ያደርገዋል፤ 28 ክፍሎችንም ይዘረዝራል። ማኑስምሪቲ የተባለው የሕግ መጽሐፍ ደግሞ 21 ብቻ ይላል። በኋለኛው ትምህርት ያማ ፈራጅ ሆኗል፤ ቺትራጉፕታ የተባለው ጸሐፊው የእያንዳንዱን ሰው ሥራ መዝግቦ ያቀርብለታል። ቅጣቱ ከባድ ቢሆንም ማብቂያ አለው። ዕዳው ሲከፈል ነፍስ እንደገና ትወለዳለች።

የማሃባራታ የመጨረሻ ክፍል ይህን ሐሳብ በአንድ ታሪክ ያሳያል። ጻድቁ ንጉሥ ዩዲሽቲራ ሰማይ ሲደርስ ጠላቱን ዱርዮዳናን በክብር ተቀምጦ ያገኘዋል፤ የገዛ ወንድሞቹ ግን በሚገማና በጨለመ ሥፍራ ሲጮኹ ይሰማል። ተመለስ ሲባልም ከእነርሱ ጋር እቀራለሁ ይላል። ያን ጊዜ ጨለማው ይገፈፋል፤ ኢንድራም ኃጢአቱ የበዛ ሰው ጥቂቱን ደስታ አስቀድሞ፣ በጎነቱ የበዛ ደግሞ ጥቂቱን ሥቃይ አስቀድሞ እንደሚቀበል ያስረዳዋል።

የሚያልቅ ሰማይ

ሰማይ ለምን ያልቃል? መልሱ ከካርማ ሕግ ይመነጫል። ልክ ያለው ሥራ ልክ የሌለው ዋጋ ሊያመጣ አይችልም። ባጋቫድ ጊታ ሰማይ የገቡ ሰዎች ትሩፋታቸው ሲያልቅ ወደ ሟቾች ዓለም እንደሚመለሱ ያስተምራል፤ እስከ ብራህማ ዓለም ድረስ ያለው ሁሉ የመመለሻ ሥፍራ እንደሆነም ይናገራል። በሌላ በኩል ቪሽኑ ፑራና በሳትያሎካ የሚኖሩ ዳግመኛ ሞትን አያዩም ይላል። ተርጓሚዎች ሁለቱን የሚያስታርቁት «ደረጃ በደረጃ ነፃ መውጣት» በሚለው ሐሳብ ነው፤ ዕውቀትን ይዘው እዚያ የደረሱት የብራህማ ዕድሜ ሲያበቃ ከእርሱ ጋር ነፃ ይወጣሉ።

በማሃባራታ ንጉሥ ያያቲ ሰማይ ገብቶ ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ ኢንድራ በተጋድሎ ማን ይተካከልሃል ብሎ ይጠይቀዋል። ያያቲም ከአማልክትም ከሰዎችም ከጠቢባንም ማንም አይተካከለኝም ይላል። በዚያች ቃል ትሩፋቱ አልቆ ይወድቃል። ሲወድቅ በደጋግ ሰዎች መካከል እንዲያርፍ ይለምናል፤ ያረፈውም የሴት ልጁ ልጆች በተሰበሰቡበት ነው። የልጅ ልጆቹ የራሳቸውን ትሩፋት ሰጥተውት አብረው ያርጋሉ።

አማልክቱም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። ኢንድራ የአንድ አካል ስም ብቻ ሳይሆን የሹመት ስም ነው፤ በብራህማ አንድ ቀን ውስጥ 14 ኢንድራዎች እየተተካኩ ይነግሣሉ። ፑራናዎቹ በዚህ የተነሳ የሰውን ልጅ ቦታ ከፍ ያደርጉታል። ላይኛውና ታችኛው ዓለም የሥራ ዋጋ የሚበላበት ሲሆን፣ ሥራ የሚሠራበት ግን ባራታ የተባለው የሰዎች ምድር (የሕንድ አገር) ነው። ቪሽኑ ፑራና በዚያ በሰውነት የተወለዱትን አማልክት እንኳ እንደሚቀኑባቸው ይጽፋል።

ሜሩ ተራራና የምድር ቅርጽ

የፑራናዎቹ ምድር ክብ ሜዳ ሆና በመሃሏ የወርቅ ተራራው ሜሩ ይቆማል፤ 84,000 ዮጃና ወደ ላይ፣ 16,000 ደግሞ ወደ ታች ይዘልቃል። ዙሪያውን ጃምቡድቪፓ የተባለው ደሴት፣ ከእርሱም ውጭ ሌሎች 6 የቀለበት ደሴቶች አሉ። የሚለያዩአቸው ባሕሮች የጨው ውኃ፣ የሸንኮራ ጭማቂ፣ የወይን ጠጅ፣ የንጥር ቅቤ፣ የእርጎ፣ የወተትና የንጹሕ ውኃ ናቸው። ሁሉም በአንድነት «የብራህማ እንቁላል» በሚባል ቅርፊት ተከበዋል፤ እንዲህ ያሉ እንቁላሎችም ቁጥር የላቸውም።

የሕንድ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ይህን ሥዕል ቃል በቃል አልተቀበሉትም። በ499 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ገደማ የጻፈው አርያባታ ምድር ድቡልቡል እንደሆነችና በራሷ ዙሪያ እንደምትሽከረከር ያስተምር ነበር። ሜሩን ግን አልጣለውም፤ በሰሜን ዋልታ ላይ አኖረው።

የዓለማት ዕድሜ

አራቱ ዘመናት (ዩጋዎች) በአንድነት 4,320,000 ዓመት ይሆናሉ። 1,000 እንዲህ ያሉ ዙሮች የብራህማ አንድ ቀን ሲሆኑ ይህም 4.32 ቢሊዮን ዓመት ነው። ቀኑ ሲመሽ 3ቱ ዝቅተኛ ዓለማት በእሳት ይጠፋሉ፤ ሙቀቱ ማሀርሎካ ስለሚደርስ ነዋሪዎቹ ወደ ጃናሎካ ይሸሻሉ። ሌሊቱ ሲነጋ ፍጥረት እንደገና ይጀምራል። የብራህማ 100 ዓመት፣ ማለትም 311.04 ትሪሊዮን የሰው ዓመት ሲሞላ ግን 14ቱም ይሟሟሉ።

መንፈሳዊ ትርጉም

ባጋቫታ ፑራና 14ቱን ዓለማት በአንድ ታላቅ አካል ላይ ይሥላቸዋል፤ ፓታላ የእግሩ ውስጠኛ ክፍል፣ ሳትያሎካ ራሱ ነው። መጽሐፉ ይህን የሚያቀርበው ለተመስጦ ጀማሪዎች ነው፤ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቃተው ሰው ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ እያሰበ እንዲወጣ። በዮጋ ትምህርት ውስጥም ይኸው ሥዕል ወደ ሰው ሰውነት ገብቷል፤ አንዳንድ መምህራን የላይኞቹን 7 ዓለማት ከአከርካሪ ሥር እስከ አናት ካሉት የኃይል ማዕከሎች (ቻክራዎች) ጋር ያዛምዷቸዋል።

ከዓለማቱ ማዶ ምን እንዳለ ግን ትምህርት ቤቶቹ ይለያያሉ። የአድቫይታ መምህር ሻንካራ፣ ነፃ መውጣት ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ሳይሆን እዚሁ የሚገኝ ዕውቀት ነው ይላል፤ ዓለማቱ ሁሉ አላዋቂነት እስኪገፈፍ ድረስ ብቻ የሚታዩ ናቸው። እንደ ራማኑጃ ላሉት የቪሽኑ አማኞች ደግሞ ከ14ቱ ውጭ የማይጠፋ የአምላክ ማደሪያ አለ፤ ቫይኩንታ ይባላል፣ የሚገባበትም በፍቅርና በጸጋ ነው። ለክሪሽና ወዳጆች ይህ ሥፍራ ጎሎካ ሲሆን፣ የሺቫ አማኞች ካይላሳን ያስባሉ። በቲቤት የሚገኘው 6,638 ሜትር ከፍታ ያለው የካይላሽ ተራራ የዚሁ ማደሪያ ምድራዊ ገጽ ተደርጎ ይታያል፤ ተሳላሚዎች ዙሪያውን ይዞሩታል እንጂ ጫፉ ላይ አይወጡም።

በቤተ መቅደሶች ላይ

የብዙ ሂንዱ ቤተ መቅደሶች ግንብ የተራራ ጫፍ የሚል ስም ያለው ሜሩን ስለሚወክል ነው። ትልቁ ምሳሌ በካምቦዲያ የሚገኘው አንኮር ዋት ነው፤ በ12ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ ሱርያቫርማን 2ኛ ለቪሽኑ ያሠራው ሲሆን 5ቱ ግንቦች የሜሩ ጫፎች፣ ዙሪያውን የከበበው ሰፊ የውኃ ቦይ ደግሞ ባሕሩ ነው። በደቡባዊው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ያማ ሲፈርድ፣ ቺትራጉፕታም ሲያስፈጽም ተቀርጿል። ከላይ ወደ ሰማይ የሚሄዱት፣ ከታች ወደ ሥቃይ የሚጎተቱት ይታያሉ። በዚያ የተቀረጹት 37 ሰማያትና 32 የቅጣት ሥፍራዎች ናቸው፤ ከፑራናዎቹ ቁጥር ጋር አይገጥሙም።