ዓኮ ደርሼ መጣሁ

ባለፈው ሳምንት ወደ ዓኮ ሄጄ ነበርና ያየሁትንና የሰማሁትን ላጫውታችሁ።

በአገራችን ክረምት ሲባል ሐምሌና ነሐሴ ነው። እዚህ ዝናቡ የሚወርደው በጥር ስለሆነ ይህን ያህል ዓመት ኖሬም ሰውነቴ አልለመደውም። በዚያ ብርድ ከረሆቦት በጠዋት ያስነሳኝ የድሮ ጓደኛዬ ነው። ደውሎ «አንተ ሰው፣ የምጠይቅህ ነገር አለ፤ በስልክ አይሆንም፣ ና» አለኝ። እምቢ እንዳልል ሴት ልጁን ሲድር ሳልሄድ ቀርቼ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

እኔና እሱ የአንድ መንደር ልጆች ነን። በ1984 ከወላጆቻችን ጋር በእግራችን ሱዳን ገባን፤ ኡም ራኩባ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ከርመን፣ በሙሴ ዘመቻ ጊዜ አብረን ተሳፈርን፣ መርከዝ ክሊታም አብረን ነበርን። ከዚያ እሱ የሚስቱን ዘመዶች ተከትሎ ወደ ሰሜን ሄደ፣ እኔ መሀል አገር ቀረሁ። መንገዱ ሩቅ አይደለም። በ2010 የቀርሜሎስ ዋሻ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ሃይፋ ላይ በመኪና ሰልፍ መጉላላት ቀንሷል። ያራራቀን መንገዱ ሳይሆን ኑሮው ነው።

ስደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ቤት ከመግባታችን በፊት «መጀመሪያ ከተማዬን ላሳይህ» ብሎ ወደ አሮጌው ከተማ ወሰደኝ። በወደቡ በኩል ስናልፍ ዓሣ አጥማጆቹን ሁሉ በአረብኛ ሰላም ይላል። አረብኛው የሱዳን ነው። እነሱም በአነጋገሩ ይስቃሉ፤ ግን ይወዱታል። እኔ የእኔን ረስቼዋለሁ።

በትልቁ መስጊድ አጠገብ ቆመን «ይህን በ1781 ያሠራው አህመድ ፓሻ ነው፤ ጀዛር ነው የሚሉት። ጀዛር ምን እንደሆነ ታስታውሳለህ?» አለኝ። እንዴት እረሳለሁ! ሱዳን ገበያ ውስጥ ሥጋ ሻጩን የምንጠራበት ስም ነው፣ ሥጋ ቆራጭ ማለት ነው። ሰውየው ከቦስንያ የመጣ የቱርክ ሹም ነበር፤ ስሙ የወጣለት በጭካኔው ነው። ናፖሊዮን በ1799 ግብፅን ይዞ ወደዚህ ሲመጣ ዓኮን ለሁለት ወር ያህል ከበባት፣ አልቻላትም። ከባዱን መድፉን እንግሊዞች ባሕር ላይ ማረኩበት፣ በሠራዊቱም ወረርሽኝ ገባ፣ ተመለሰ። ዛሬ የምናየው ወፍራሙ የውጭ ግንብ አብዛኛው የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ግንቡን አይቶ ናፖሊዮንን ያቆመው ይህ ነው ይላል፣ ስህተት ነው።

የእኔን ልብ የነካው ግን የፓሻው ሳይሆን የጸሐፊው ታሪክ ነው። ሐይም ፋርሒ የሚባል የደማስቆ አይሁዳዊ የፓሻውን ገንዘብና ሒሳብ ይይዝ ነበር፤ በከበባውም ጊዜ ከተማይቱን ለማዳን ብዙ ደክሟል። ጀዛር ተቆጥቶ አንድ ዓይኑን አወጣው፣ አፍንጫውንም አስቆረጠው። እሱም ማገልገሉን አልተወም። ጀዛር በ1804 ሞተ፤ ፋርሒ ተከታዩንም አገለገለ፤ ከዚያ በኋላ ለሹመት የረዳው ወጣቱ አብዱላህ ፓሻ በ1820 አስገደለው። «ዓይንህን ላወጣ ሰው ደግመህ ትሠራለህ?» አልኩት። ጓደኛዬ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠራ ሰው ነው። «ልጆች ካሉህ ትሠራለህ» አለኝ፣ አለፈ።

ከመሬት በታችም ሌላ ከተማ አለ። የመስቀል ጦረኞች በ1104 ይዘዋት፣ ሳላሃዲን በ1187 ወስዷት፣ በ1191 መልሰዋት፣ በመጨረሻ በ1291 ማምሉኮች አፈራረሷት። ከዚያ እስከ 18ኛው መቶ ዘመን አብዛኛዋ ፍርስራሽ ነበረች፤ አዲሱ ከተማም በአሮጌው ላይ ተሠራ። ጓደኛዬ ውስጡን ይዞኝ የሄደው 350 ሜትር የሚሆን የቴምፕላሮች ዋሻ የተገኘው በ1994 ነው፤ የአንድ ቤት የቆሻሻ ውኃ ቱቦ ተዘግቶ ሊያስተካክሉ ሲቆፍሩ ነው አሉ። ራምባምም በ1165 ከማዕበል ተርፎ ከመርከብ የወረደው በዚህች ከተማ ነው። እንግሊዞች ደግሞ ምሽጉን እስር ቤት አድርገውት ስለነበር የመስቀያው ክፍል ዛሬም ይታያል፤ በግንቦት 1947 የምድር ውስጥ ተዋጊዎች ግድግዳውን በፈንጂ ሰብረው ጓዶቻቸውን ያስመለጡት ከዚያ ነው። እዚያ ብዙ አልቆምንም።

ዋሻው ውስጥ ጎንበስ ብለን ስንሄድ እንዲህ አለኝ፦ «እዚህ አገር ስትቆፍር የስምንት መቶ ዓመት ሰው ምን እንደበላ ይነግሩሃል። የእናቴን መቃብር ግን የሚነግረኝ የለም።»

ዝም አልኩ። የጠራኝ ለዚህ ኖሯል። እናቱ ኡም ራኩባ በሞተች ጊዜ እሱ በወባ ተይዞ አያውቅም ነበር፤ እኔ በሁለት ዓመት ስለምበልጠው ከትልልቆቹ ጋር ሄጄ ነበር። በዚያ መንገድና በዚያ ሰፈር አራት ሺህ ያህል ወገኖቻችን እንደቀሩ ይነገራል። በ2007 በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል፤ እሱም በየዓመቱ ይሄዳል። ግን መታሰቢያ ሌላ፣ መቃብር ሌላ።

ቤት ገብተን ባለቤቱ ቡና እያፈላች ሳለ ከልጅ ልጁ ደብተር ላይ አንድ ወረቀት ቀዶ እርሳስ ሰጠኝ። «የምታስታውሰውን ሣልልኝ» አለ። ድንኳኖቹን ሣልኩ፣ ውኃ የምንቀዳበትን፣ ወደ መቃብሩ የሚወስደውን መንገድ፣ አንድ ትልቅ ግራር። ከግራሩ በታች ሦስት መቃብር እንደነበር አስታውሳለሁ፣ ድንጋይ ያስቀመጥኩትም እኔ ራሴ ነኝ። በስተቀኝ ይሁን በስተግራ ግን ጠፋብኝ። ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ አሰብኩ፣ አልመጣልኝም።

በግራሩ ሥር ክብ አድርጌ ሰጠሁት። እሱም አጥፎ ዳዊቱ ውስጥ ከተተው። ወደ ረሆቦት ስመለስ ዝናቡ እንደገና ጀመረ፤ እስከ ሐዴራ ድረስ ያንን ግራር በዙሪያው እየዞርኩ ነበር የነዳሁት።